በጥር የታየ መሬት

እንደምን አረፈዳችሁ ጎረቤቶቼ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደፊት ኑና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ እማማ እርስዎ ደሞ ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ ንፋሱ ከሀይቁ ነው የሚመጣው ይመታዎታል።

ኮሚቴዎቹ ደውለው "ለአዲስ ገቢዎች ስለ ሰፈሩ አስረዳልን" ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ መሀንዲስ አይደለሁ፣ እድሜዬን በሙሉ በርና መስኮት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን እዚህ ባህርዳር ዓባይ ማዶ ስገባ የሰራሁትን ስህተት ላውራ ካልኩ ምሳ ሰአት ድረስ አያልቅብኝም፣ እናንተም ካርታችሁን ይዛችሁ መሰረት ልታወጡ ስለሆነ ቢያንስ የኔን አትድገሙት ብዬ ነው የመጣሁት።

እኔ መሬቴን ያየሁት በጥር ነው። ደላላው በጥምቀት ማግስት ወሰደኝ፣ ፀሀዩ ደስ ይላል፣ መሬቱ ደርቆ እንደ አስፋልት ጠንክሯል፣ ከታች ወንዙ ያብረቀርቃል፣ ልቤ ጥፍት አለ። ከግቢው ጥግ ላይ ዝቅ ያለች ለምለም ሳር የበቀለባት ቦታ ነበረች፣ እኔ እዛች ጋ አትክልት እተክላለሁ እያልኩ ነው የማስበው። ከብት የሚያግዱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ በጥር ያልደረቀ ሳር እግሩ የት ያለ ይመስልሀል?" አሉኝ። እኔ ሰውየው መሬቱን ለሌላ ሰው ሊያስገዙ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፣ እንደውም ደላላውን ቶሎ እንጨርስ አልኩት። በቃ ገዛሁ።

ሐምሌን እንደምንም አለፍኩት። ባህርዳር በአመት 1400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ነው የሚዘንብባት፣ ከዛ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ሐምሌና ነሐሴ ናቸው የሚያወርዱት፣ መሬቱ ሐምሌ ላይ ይጠጣል ይጠጣል ነሐሴ ላይ ጠግቦ ይተፋዋል። ውሃ በበር ነው የሚመጣው ብዬ በር ላይ ሶስት ብሎኬት ደርድሬ ነበር፣ እሱ እቴ፣ አንድ ማለዳ ስነሳ የሳሎኑ ሊሾ አልቦታል። ትንሽ ቆይቶ በስንጥቁ በኩል እንደ ምንጭ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ፣ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለን ልጆቹን ከተማ እህቴ ጋ ላክን። የጉድጓዱ ውሃ እኮ ጎንበስ ብለህ በጣሳ የምትቀዳው ሆኗል፣ ሚስቴ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፣ ከዛ ሽንት ቤቱም በዛው ልክ ሞልቶ ስታየው ነው የገባት።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ሰፈራችን ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፣ በበጋ ርቆ ቢታይም በክረምት ወደ ላይ ይመጣል። ጉድጓድና ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ ይባላል፣ በ150 ካሬ ግቢ ላይ 30 ሜትር ከየት ታመጣለህ? ስለዚህ የኔ ሽንት ቤት ያንተ ጉድጓድ አጠገብ ነው ማለት ነው፣ አጥሩ እኛን እንጂ ውሃውን አይለየውም። የጉድጓድ ውሃ ለእቃ፣ ለልብስ፣ ለአትክልት እሺ፣ ለመጠጥ ግን አደራችሁን። ሴፍቲ ታንከር የምትቆፍሩም በመጋቢት ቆፍራችሁ "ደረቅ ነው" ብላችሁ አትፎክሩ፣ ከመስራታችሁ በፊት ከላይና ከታች ያለው ጎረቤት ጉድጓዱ የት እንዳለ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ የባሰ ነው፣ የተጎዱትም እዚህ ስላሉ ፊታቸው ልናገረው። ያቺን ለምለም ቦታ በአጥር ዘጋኋት። ለካ ቦይ ናት፣ በአመት ምናልባት አስራ አምስት ቀን ብቻ የምትሰራ ቦይ። አስራ አንድ ወር ከብት ይተኛባታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱባታል፣ ሳይት ፕላን ላይም የለችም፣ ነሐሴ ሲመጣ ግን ከላይ ከዘንዘልማ አቅጣጫ የሚወርደውን ሁሉ ሰብስባ ወደ ዓባይ የምትወስደው እሷ ነች። እኔ ስዘጋት ዞራ የጎረቤቴን ዶሮ ቤት ይዛው ሄደች። ሃያ ምናምን ዶሮ። ሴትዮዋ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ እንቁጣጣሽ ጠዋት ዳቦ ይዘው መጡ፣ እኔ ግን እስካሁን ዶሮ ወጥ ስበላ እሳቸው ናቸው የሚታዩኝ። በነጋታው አጥሩን ራሴ አፈረስኩት፣ አሁን እዛ ጋ ከታች ክፍት የሆነ የብረት ፍርግርግ ነው ያለው፣ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አፈሩን ደሞ ገበሬዎቹ ናቸው የሚያውቁት። ዋልካው በሚያዝያ ሲሰነጠቅ የበሬ መንጃ ዘንግ ብትሰድበት ግማሹ ይገባል፣ በሐምሌ ያ ሁሉ ስንጥቅ ያብጥና ይዘጋል፣ ቤትህን በየአመቱ አንዴ ወደላይ አንዴ ወደታች ያነሳዋል ማለት ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ የቀለም ጉዳይ አይደለም። ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት ነው፣ ወጪው ያማል፣ አውቃለሁ። ከፍ ወዳለው ቀይ አፈር ጋ የደረሳችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ዝም ብላችሁ አመስግኑ።

ስለ ወንዙ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ዝናቡ ሲቆም አለፈልኝ ይላል። ጣና እኮ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ እነ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ያመጡትን ሁሉ አጠራቅሞ። ከዛ ላይ ደሞ የጨረጨራ ግድብ አለ፣ በ1988 ተሰርቶ ሲጀምር ሁለት በር ነበረው፣ በኋላ አምስት ተጨምሮለት ሰባት ሆነ፣ የሀይቁ መውጫ ላይ ስለሆነ ዓባይ በኛ በኩል የሚያልፈው በአብዛኛው በሩ እንደተከፈተለት ልክ ነው። በ2002 የጣና በለስ የመብራት ማመንጫ ሲጀምርም ከሀይቁ በዋሻ ወደ በለስ የሚሄድ ውሃ መጣ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበጋ ሲሳሳ እንግዳ ይዛችሁ ሄዳችሁ ያፈራችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ከፍ ቢል አትደንግጡ፣ ዝቅ ሲል ደሞ "ወንዙ ሸሸ" ብላችሁ ዳሩን በቆሎ አትዝሩበት፣ ይመለሳል።

ስለ በቆሎ ካነሳን ጉማሬ። ከተማ ያደጋችሁት ልጆች ፎቶ ልታነሱ ትወርዳላችሁ፣ አያችኋለሁ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ነው ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ መንገድ አለው፣ ሳሩ ተደፍጥጦ እንደ ቦይ የሆነ መሀሉ ላይ ጉብ ያለ መንገድ፣ የግራና የቀኝ እግሮቹ ለየብቻ መስመር ስለሚያወጡ ነው። እሱ ላይ አትቁሙ በቃ። በተለይ ሊነጋጋ ሲል በሱና በውሃው መሀል የተገኘ ሰው ወሬውን የሚያወራው ሌላ ሰው ነው። የበቆሎ ጠባቂዎቹ ቆርቆሮ ሲመቱ ሌሊት እንቅልፍ ነሱን ብላችሁ የምትከሱም አላችሁ አሉ፣ እረ ተዉ።

ወባም አለ፣ ከመስከረም እስከ ህዳር ይብሳል፣ አጎበሩን ለአሳ ማጥመጃና ለጎመን መከለያ ያደረጋችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ አልናገርም።

አሁን ሰፈሩ ተለውጧል። ያ አሮጌ ድልድይ ከ60 አመት በላይ ሲያሻግረን ኖረ፣ በ2016 አዲሱ ተመረቀ፣ 380 ሜትር ርዝመት 43 ሜትር ስፋት፣ በባጃጅ ሽው ነው። ድሮ "ማዶ" የሚሉን ከተማ ያሉት ናቸው፣ ለኛማ ማዶ ያሉት እነሱ ነበሩ፣ አሁን ማን ማዶ እንደሆነ ጠፋን። ሰው በዛ፣ አጥር በዛ፣ ከብት የሚያግዱት ሽማግሌዎች ወይ አረፉ ወይ ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። የኔ ሽማግሌም የሉም፣ አንድ ቀን ቡና ጠርቻቸው "ያን ቀን ለምን አጥብቀው አልነገሩኝም?" ስላቸው "ደላላህን ነበር የምትሰማው" አሉኝ። እውነት ነው።

አሁን ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ሳይገባ አንድ ነገር እናድርግ። ከስራዬ ከተረፈ ብረት አስራ ሁለት ዘንግ ቆርጬ መጥቻለሁ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት በብየዳ አድርጌበታለሁ፣ ዝገት እንዳይበላው አንቲረስት ተቀብቷል። ውጪ በሩ ላይ ተደግፎ ያለው እሱ ነው፣ ልጆች ሳትነካኩት ቆዩ። እማማ ዶሮዎቹ የሄዱባቸው ሴትዮ ናቸው፣ እዚህ ሰፈር አርባ ክረምት አይተዋል፣ ውሃው የትኛው አመት የት ድረስ እንደመጣ በዛፍ፣ በድንጋይ፣ በሰው ደጃፍ ያስታውሳሉ። እሳቸው ይጠቁሙናል እኛ እንተክላለን፣ አዲስ ቤት የምትሰሩት ደሞ ሊሾአችሁን ውሃው ከደረሰበት ምልክት በላይ ታደርጋላችሁ።

ሻይ ከመጣ በኋላ እንወጣለን። መዶሻ ሁለት ብቻ ነው ያለኝ፣ ቤቱ ቅርብ የሆነ ሰው አንድ ይጨምርልን። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ባጃጅ ያለህ ልጅ፣ አዎ አንተ፣ እስከ ቦይዋ ድረስ ውሰዳቸው፣ እኛ በእግር እንከተላለን።