ቤት ጭር ሲል የሚደነግጥ ሰውነት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ጭንቀት ያለበት ሰው ሁሉ የሚሰማት አንድ ምክር አለች፦ «ተረጋጋ!» እኔን ግን የሚያስፈራኝ መረጋጋቱ ነው። ስራ ሲደራረብ፣ ስልክ ሲጮህ፣ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ ደህና ነኝ። እንዲያውም ያኔ ነው ጎበዝ የምሆነው። ነገር ሁሉ ሰላም ሲሆን ግን ባር ባር ይለኛል። ትከሻዬ ይወጠራል። ጆሮዬ ይቆማል። ምን ሊመጣ ነው?

ያደግኩበት ቤት ጭር ሲል ደግ ነገር አይከተልም ነበር። ዝርዝሩን ልዝለለው፤ ታሪኩ የእኔ ብቻ አይደለም። የእግር ኮቴ ሰምቶ ማታው እንዴት እንደሚያልፍ የሚገምት ልጅ ነበርኩ ብል፣ የሚገባችሁ ይገባችኋል።

አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ ሲጠረጥር ሃይፖታላመስ የሚባለውን ሌላ የአእምሮ ክፍል ይቀሰቅሳል። ከዚያ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች መጀመሪያ አድሬናሊን፣ ትንሽ ቆይቶ ኮርቲሶል የሚባሉትን የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ለመጋፈጥ ወይም ለመሸሽ ዝግጅት ነው። ልጅ ግን የት ይሸሻል? የሚያስፈራው ሰውና የሚያበላው ሰው አንድ ሲሆን ማንን ይጋፈጣል? ዝግጅቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ብዙ ልጆች ደርቀው ይቀራሉ፤ ወይም ትንፋሻቸውን ውጠው «ጨዋ ልጅ» ይባላሉ።

በጤናው ጊዜ ኮርቲሶል ራሱ ወደ አእምሮ ተመልሶ «በቃ፣ አልፏል» ይላል። ማስጠንቀቂያው በየጊዜው ሲደወል ግን ይህ ሚዛን ይዛባል። አንዳንዱ ሰው ላይ ኮርቲሶል ከፍ ይላል፤ ሌላው ላይ ደግሞ ከሚጠበቀው በታች ይወርዳል። ለዚህ ነው «ኮርቲሶል ይቀንሳል» እየተባሉ የሚቸበቸቡት እንክብሎች የሚያናድዱኝ። የማንን ኮርቲሶል ነው የሚቀንሱት?

እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ቪንሰንት ፌሊቲ፣ ሮበርት አንዳና ባልደረቦቻቸው ከ9 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። በልጅነት የደረሰው የመከራ ዓይነት በበዛ ቁጥር፣ በአዋቂነት የድባቴ፣ የሱስና የልብ ሕመም ዕድል አብሮ ይጨምራል። ይሄ ስለ ብዙ ሰዎች ሲታይ የሚገኝ ዝንባሌ ነው። የአንድን ሰው ዕጣ ፈንታ አይናገርም። በየማኅበራዊ ሚዲያው የደረሰባቸውን የመከራ ዓይነት እንደ ነጥብ ቆጥረው፣ ደምረው ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች ስላሉ ነው የምለው።

ወደ ጭርታው ልመለስ። ለዓመታት ሌሊት ሲጠብቅ የኖረን ዘበኛ «በቃ ሂድ ተኛ» ብትሉት አይተኛም። ማን ተረከበኝ ይላል። ሰውነትም እንደዚያው ነው፤ በክርክር አይረታም።

በዝግታ ተንፍሱ፣ ወደ ውጭ የምታወጡትን አየር አርዝሙ ይባላል። እውነት ነው፤ ስናስወጣ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ዝግ ያደርገዋል። ግን ዓይን ጨፍኖ፣ ፀጥ ባለ ክፍል፣ ለረጅም ጊዜ? እኔን ያ ይብስብኝ ነበር። ዘና ለማለት ሲሞክሩ ጭንቀታቸው የሚነሳባቸው ሰዎች እንዳሉ ባለሙያዎችም ያውቃሉ። ለእኔ የሠራው ዓይኔን ገልጬ፣ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ፣ በሩ እየታየኝ ጥቂት ትንፋሽ መውሰድ ነው። ከዚያ ፍርሃቱ ሳያይል ተነስቼ መሄድ። አንዳንዴ ደግሞ መቀመጡን ትቼ በእግሬ እዞራለሁ። ጭር አለ፣ ምንም አልመጣም። ይህን ደጋግሞ ማየት አለበት፣ ሰውነቴ።

የድሮው ትምህርት ግን አይፋቅም። አዲሱ ከላዩ ነው የሚደረበው። ስለዚህ ስንታመም፣ እንቅልፍ ስናጣ፣ አዲስ ቦታ ስንሄድ የድሮው ብቅ ይላል። ያኔ «ይኸው፣ ምንም አልተሻለኝም» አትበሉ። እኔ ደነገጥኩ ወይ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ በር ሲላተም ዛሬም እዘላለሁ። የምጠይቀው ስንት ሰዓት ፈጀብኝ ለመመለስ የሚለውን ነው። ድሮ ቀኑን ሙሉ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አሁን ጀምሬው የነበረውን ጨዋታ እጨርሳለሁ።

ብቻዬን ያመጣሁት ለውጥ አይደለም። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው አጠገብ መሆን ብዙ ረድቶኛል። ቴራፒም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከትራውማ፣ ማለትም ከከባድ የሚያስደነግጥ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም ሁለት ሕክምናዎችን ጠቅሷል፦ ትራውማ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና፣ እንዲሁም በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘው ኢ.ኤም.ዲ.አር.። ሁለቱም ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ነው የሚሠሩት።

እየተነፈሳችሁ ሳለ ከሰውነታችሁ የራቃችሁ ከመሰላችሁ፣ ወይም የድሮው ነገር ዛሬ እየሆነ ያለ ከመሰላችሁ አቁሙ። ዓይናችሁን ግለጡ፣ እግራችሁን መሬት ላይ ጫን አድርጉ፣ ዙሪያችሁን አይታችሁ የምታዩትን በስሙ ጥሩ። የሚደጋገም ከሆነ ብቻችሁን አትግፉበት፤ ባለሙያ አማክሩ።

ስለ ይቅርታ የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ «ይቅር ካላልክ አትድንም» የሚሉትን ነገር። በዚህ ብዙ የምለው አለኝ፤ ሳምንት እመጣበታለሁ።