የልብ ምት መድኃኒቶች እንዴት ይሠራሉ? ጉዳታቸውስ ከየት ይመጣል?

[ምስል፦ የልብ ሥዕል፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ]

የልብ ምት የሚነሣው በቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ካለችው ሳይነስ ኖድ (ምልክት የምትልክ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ) ነው። ምልክቱ የላይኛዎቹን ክፍሎች አዳርሶ በላይኛዎቹና በታችኛዎቹ መካከል ባለችው ኤቪ ኖድ ላይ ጥቂት ይዘገያል፤ ከዚያ ወደ ታችኛዎቹ ይወርዳል።

ይህን ምልክት የሚፈጥሩት በልብ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ናቸው። ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲጎርፍ ሕዋሱ ይነቃል፤ ካልሲየም ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ሕዋሱ አርፎ ለሚቀጥለው ምት ይዘጋጃል። ሁለቱ ኖዶች ግን የሚነቁት በዋናነት በካልሲየም ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ምት ከሥርዓት ወጥቶ የሚፈጥነው ምልክቱ መንገዱን ስቶ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር፣ ወይም ተራው ያልሆነ ሕዋስ በራሱ ምልክት ሲልክ ነው። መድኃኒቶቹ ከእነዚህ በሮች አንዱን በመጠኑ ይዘጋሉ፣ ወይም የአድሬናሊንን ጫና ያበርዳሉ፤ በአራት ምድብ የተከፈሉትም በዚሁ ነው።

[ምስል፦ አራቱ ምድቦች በተራ ይታያሉ]

አንደኛው ምድብ የሶዲየም በርን ይዘጋል፤ ፍሌካይናይድ፣ ፕሮፓፌኖንና ሊዶኬይን እዚህ ናቸው። ሁለተኛው ቤታ ብሎከር ነው፤ እንደ ሜቶፕሮሎልና ቢሶፕሮሎል ያሉት አድሬናሊን በልብ ላይ ያለውን ጫና ያበርዳሉ። ሦስተኛው የፖታሲየምን መውጣት ያዘገያል፤ ሶታሎልና አሚዮዳሮን ዋነኞቹ ናቸው። አራተኛው፣ ማለትም ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም፣ የካልሲየም በርን ይዘጋል።

ቅድም የያዛችሁት ልዩነት እዚህ ይመጣል። ኤቪ ኖድ በካልሲየም ስለሚነቃ ቬራፓሚል መተላለፊያውን ያዘገየዋል። ቤታ ብሎከርም ያንኑ ኖድ ያዘገያል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ፣ በተለይ በደም ሥር፣ ምቱ አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ወይም ሊቆም ይችላል።

ከአራቱ ምድብ ውጭ፣ በኤቪ ኖድ በኩል የሚሽከረከር ፈጣን ምትን ለማቆም የሚሰጥ አዴኖሲን አለ። 6 ሚሊግራም በደም ሥር በፍጥነት ይሰጥና ወዲያው በ20 ሚሊሊትር ሴላይን (የጨው ውሃ) ይገፋል። እንዲህ የሚደረገው ግማሹ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከደም ስለሚጠፋ ነው፤ ቀስ ብሎ ከተሰጠ ልብ ሳይደርስ ያልቃል። ሲሠራ ኤቪ ኖድ ለጥቂት ሰከንድ ይዘጋል፤ የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር በሚያሳየው ኢሲጂ ላይ መስመሩ ቀጥ ሲል ይታያል። ታማሚው ደረቱ ይጨነቃል፣ ፊቱ ይግላል፣ የሚሞት ይመስለዋል። ስለዚህ ስሜቱ እንደሚመጣና ቶሎ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። አስም ላለበት ሰው አይመከርም፤ የአየር ቧንቧን ያጠባል።

[ምስል፦ ኢሲጂ፤ የኪውቲ ርዝመት በቀይ]

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። የልብ ምት መድኃኒት ራሱ አዲስ የምት መዛባት ሊያስነሣ ይችላል። ሶታሎል ፖታሲየምን ሲያዘገይ ሕዋሱ የሚያርፍበት ጊዜ ይረዝማል፤ ይህም ኢሲጂ ላይ ኪውቲ በሚባለው ልኬት ይታያል። ልኬቱ ከ500 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ቶርሳድ የሚባለው ገዳይ የምት መዛባት ያሰጋል። የደም ፖታሲየም ወይም ማግኒዥየም ካነሰ አደጋው ይብሳል፤ ትውከት፣ ተቅማጥና ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ሁለቱንም ያሟጥጣሉ። ሶታሎል የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ኢሲጂና የኩላሊት ምርመራ ሳይደረግ ሊጀመር አይገባም።

ፍሌካይናይድ ደግሞ ጠባሳ ያለበት ልብ ላይ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ካስት የተባለው ጥናት ልብ ላይ ጠባሳ የሚተው ሃርት አታክ ባጋጠማቸው ሰዎች ላይ ፍሌካይናይድንና ኤንካይናይድን ሲፈትሽ፣ መድኃኒቶቹ ተጨማሪ ምቶችን ቢያጠፉም በወሰዷቸው ሰዎች ላይ ሞት ጨመረ። የኢሲጂ መስመር ማማሩ የታማሚውን ዕድሜ እንደማያረዝም ያኔ ታየ።

አሚዮዳሮን ከሁሉም ይበረታል፤ ጣጣውም ብዙ ነው። አንዱ የ200 ሚሊግራም ክኒን 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለው። ከዚህ በቀን 6 ሚሊግራም ገደማ ይለቀቃል፤ አዋቂ ሰው ግን በቀን የሚያስፈልገው 0.15 ብቻ ነው። ታይሮይድ ዕጢ የሚታወከው፣ አንዳንዱ ላይ ሥራው ሲቀንስ ሌላው ላይ የሚጨምረው፣ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ስብ ውስጥ ስለሚከማችም ከተቋረጠ በኋላ ለወራት ይቆያል። ጉበትን ሊጎዳ፣ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ሊያደርግ፣ ዓይን ላይ ዝቃጭ ሊያኖር ይችላል። ይበልጥ የምንፈራው ሳንባን ነው፤ የማይለቅ ደረቅ ሳልና ሲራመዱ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ሳይዘገይ መታየት አለበት። ሲጀመር የታይሮይድ፣ የጉበትና የደረት ራጅ ምርመራ ይደረጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየ6 ወሩ ይደገማሉ።

የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አሚዮዳሮን ሲጨመርለት የዋርፋሪኑ መጠን ብዙ ጊዜ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀነሳል፤ ካልሆነ ደም መፍሰስ ይከተላል። የሌላው የልብ መድኃኒት፣ የዲጎክሲን መጠንም በግማሽ ይቀነሳል። አንዳንድ ፀረ ተሕዋስያን፣ እንደ ክላሪትሮማይሲን ያሉት፣ ኪውቲን ያስረዝማሉ፤ ስለዚህ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ንገሩ።

ክኒን ከረሳችሁ ለማካካስ ሁለት አትደርቡ። ቤታ ብሎከርን በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ፤ ምቱ ከበፊቱ ይበልጥ ሊፈጥን ይችላል። ራስን መሳት፣ ወይም ዓይን ጨለም ብሎ ለመውደቅ መቃረብ ካጋጠማችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ የመድኃኒቱንም ማሸጊያ ይዛችሁ።