ከላይ ስትታይ አዲስ ናት

እሺ፣ እየቀዳ ነው። እንደምን ሰነበታችሁ።

ዛሬ ስለ ኋላ ፍሬን ነበር ላወራችሁ ያሰብኩት፤ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። የኋላው ካሊፐር ፒስተን እንደ ፊተኛው ተገፍቶ አይገባም፣ የእጅ ፍሬኑ አሠራር እዚያው ውስጥ ስላለ እያዞራችሁ እየገፋችሁ ነው የምታስገቡት፣ በጉልበት የገፋው ሰው አዲስ ካሊፐር ይገዛል። ይኸው፣ ዋናውን ነገርኳችሁ። የቀረው ሌላ ቀን።

ከቅዳሜ ጀምሮ አንዲት ብረት ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ከማይኩ አጠገብ። ይቺን ድምፅ ስሙ… እሷ ናት። የቀዮ፣ የመኪናዬ፣ ፎሎወር። የቡና ስኒ ውስጥ ትገባለች። አንድ ወገኗ ክፍት፣ አንድ ወገኗ ድፍን፣ ትንሽ ባልዲ ነገር። ድፍኑ ወገን ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱ፣ ላይ ይንሸራተታል፤ ክፍቱ ውስጥ ደግሞ የከፍተኛ ግፊት ቤንዚን ፓምፑ ዘንግ ይቆማል። ካሙ እዚያ ጫፉ ላይ 3 ጎን ስላለው በዞረ ቁጥር 3 ጊዜ ወደ ላይ ይገፋታል። ሮለር የላትም። ኋላ በመጣው ሞተር ላይ ሮለር ተደርጎበታል፤ ቀዮ ግን በፈረንጆች የ2007 ጎልፍ ጂቲአይ ናት፣ ያ የመጀመሪያው ባለ ቱርቦ ኤፍኤስአይ ሞተር፣ ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው፣ ብረት በብረት ላይ፣ መሃላቸው ዘይትና አንድ ስስ ጥቁር ሽፋን ብቻ።

አሁን ያቺን ደቂቃ ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው እሷን ነው።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ያደረ መሆን አለበት። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ትነቅላላችሁ፣ ሞተሩን ታስነሳላችሁ፣ ቤንዚኑ ሲያልቅበት በራሱ ይጠፋል። አንድ ሁለቴ ደግሞ ትሞክራላችሁ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ትፈታላችሁ። ይህን አትዝለሉት። ሞተሩ ሲሠራ እዚያ ቱቦ ውስጥ እስከ 110 ባር የሚደርስ ግፊት አለ፤ ጎማችሁ ውስጥ ያለው 2 ከምናምን ባር መሆኑን አስቡ። መነጽር አድርጉ፣ ዳዶው ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ለቱቦው ዳዶ 17 ቁጥር ቁልፍ፣ ፓምፑን ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ላይ ለያዙት 3 ብሎኖች ቲ 30 ቶርክስ። የቶርክሱ አፍ ያልተበላ ይሁን፤ የብሎኑን ጉድጓድ ከቆሻሻ ጠርጉና አፉን በመዶሻ ትንሽ መታ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የተላጠ ቶርክስ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ ይበላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ በተራ። ከሥር ስፕሪንግ እየገፋ ስለሆነ አንዱን ጨርሳችሁ ከፈታችሁት ፓምፑ ያዘነብላል፣ የመጨረሻው ብሎን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

እና ፓምፑ ወጣ። እሷ አብራ አልወጣችም፣ ቀዳዳው ውስጥ ቀረች። የእጅ ባትሪ አበራሁባት። የማየው ክፍቱን ወገን ነው፣ የባልዲውን ውስጥ። ንጹሕ ነው። በዘይት ወዝቷል፣ መሃሉ ላይ የፓምፑ ዘንግ የሚያርፍበት ትንሽ ነጥብ አለ፣ ሌላ ምንም። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰከንድ ሥራው አለቀ ብዬ ነበር። በማግኔት ሳብኳት፣ መዳፌ ላይ ወደቀች፣ ገለበጥኳት።

ጥቁሩ ሽፋን የለም። ዳሩ ላይ ብቻ እንደ ቀለበት ቀርቷል። መሃሉ ብር ሆኗል፤ የማንኪያ ጀርባ ሳይሆን የማንኪያ ሆድ፣ ትንሽ ጎድጓዳ። ጥፍሬን ከመሃል ወደ ዳር ጎተትኩት። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና… ያዘው። ጠርዝ አለ። አሁንም እያደረግኩት ነው፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቅዳሜ በያዘበት ቦታ ያው ይይዛል።

ይህች ፎሎወር የገባችው 118,400 ማይል ላይ ነው። የወጣችው 130,600 ላይ። 12,200 ማይል። ጤነኛ ሞተር ላይ በዚህ ርቀት ጥቁሩ ደብዘዝ ይላል እንጂ እንዲህ አይጠፋም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ጎድጓዳው ይበሳል፣ የፓምፑ ዘንግ በቀዳዳው አልፎ ካሙን ራሱን ይፍቃል፣ ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ይሄዳል። የግፊት ማነስ ኮድ ፒ 0087 ክሩስኮቱ ላይ መብራት ይዞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ጎረቤቴ ጋሼ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ። ቮልስ ቢሆን ኖሮ። ግን ያን ቀን ስሰማቸው ዝም ብዬ አሰብኩበት፤ ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ያ ቮልስ ስንት ዘመን የሄደው በ2 ሊትር ተኩል ዘይትና በወንፊት ነው። የወረቀት ፊልትሮ እንኳ የለውም። ከሥር ያለውን ክዳን ትፈታለህ፣ ወንፊቱን በቤንዚን ታጥባለህ፣ ጓርኒሲዮኑን ትቀይራለህ፣ ትገጥማለህ። የሚያልቀው ነገር ሲያልቅ ይሰማል፤ ቫልቩ ይንጫጫል። ይቺ ግን ድምፅ የላትም። 12,000 ማይል ሙሉ አንዲት ቃል ሳትናገር ነው ያለቀችው። እኔ ይኼ ነው… ከሁሉ የሚከብደኝ ይኼ ነው መሰለኝ።

ደግሞ ቋንቋው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን። ጣሊያን ትቶልን የሄደው የጋራዥ ቋንቋ፣ ጀርመን በሠራው መኪና ላይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በረንዳ ላይ። እዚህ ያደጉት የእህቴ ልጆች አብረውኝ ሲሠሩ ካቻቢቴ አቀብሉኝ ስላቸው ያቀብሉኛል፤ በዚያ ደስ ይለኛል።

ምን እያልኩ ነበር… አዎ። ፎሎወሯን ምን በላት? ተጠርጣሪዎቹ።

አንደኛው ካሙ ነው። አዲስ ፎሎወር ባለቀ ካም ላይ ስታስቀምጡ አዲሷ ናት የምታልቀው። ካሙ ለብዙ ማይል የተበላ ፎሎወር ላይ ሲዞር ከቆየ ገጹ ይሻክራል፤ ከዚያ የሻከረው ገጽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ የሚመጣለትን ሁሉ ይበላል። የቀድሞው ባለቤት ካሙ አዲስ ነው ብሎ ነበር። ወረቀት አልነበረውም። በቀዳዳው ውስጥ ጣቴን አስገብቼ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ቀስ እያልኩ አዞርኩና 3ቱንም ጎን ዳሰስኩ። ጥፍር የሚይዝ ነገር የለም። ግን እንደ ብርጭቆ ለስላሳም አይደለም። በመሃል የሆነ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዘይቱ። 4.6 ሊትር፣ 5 ደብልዩ 40፣ ቪደብልዩ 502 የሚለውን ደረጃ የያዘ፤ እሱን አልለውጥም፣ በ5,000 ማይል ነው የምቀይረው። ነገር ግን ዘይት ቤንዚን ሲቀላቀልበት ይቀጥናል። የፓምፑ ዘንግ ላይ ያለችው ማኅተም ስትደክም ቤንዚን ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ የሚንጠባጠበውም ልክ ፎሎወሯ ላይ ነው። የዘይት መለኪያዋን ስታወጡ አሽትቷት። ደረጃው ሳትጨምሩበት ከፍ ካለም እሱ ነው። የኔ ይሸታል? ቅዳሜ አይሸትም አልኩ። ትናንት ማታ ደግሞ አሽትቼ… ትንሽ ይሸታል መሰለኝ። ብርድ ላይ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ዘይት ሁሉ ትንሽ ይሸታል እኮ።

ላቦራቶሪ ላክ ያላችሁኝ አላችሁ። ልኬ አውቃለሁ። ዘይቱ ውስጥ ያለውን የብረት መጠን ይነግራችኋል፤ ግን ካሙም ብረት፣ ፎሎወሯም ብረት። ብረት በዝቷል ቢሉኝ የማንኛቸው እንደሆነ ቁጥሩ አይነግረኝም።

ሦስተኛው… ሦስተኛው እኔ ነኝ።

አዲስ ፎሎወር ስትገጥሙ ድፍን ፊቷን፣ ጎኗን፣ ውስጧን፣ ካሙንም ዘይት ትቀባላችሁ። ሞተሩ ሲነሳ ዘይት እዚያ እስኪደርስ ድረስ ደረቅ ብረት በደረቅ ሽፋን ላይ እንዳይሄድ ነው። በእያንዳንዱ ቪዲዮ፣ በእያንዳንዱ ክፍል እኔ ራሴ እናገረዋለሁ። ደብተሬን አወጣሁ። 118,400 የሚለው ገጽ ላይ ሁሉም አለ፤ ቀኑ፣ አዲሷ የፓምፕ ክብ ጎማ፣ ክራንኩን አዙሬ ካሙን ዝቅተኛ ቦታ ላይ እንዳደረግኩ፣ 3ቱ ብሎኖች በ10 ኒውተን ሜትር። ዘይት ተቀባች የሚል የለም። አልጻፍኩትም። ሁልጊዜ ስለማደርገው አልጻፍኩትም ይሆናል። ወይም…

እና አያችሁ ችግሩን? 3ቱ 3 የተለያየ መድኃኒት ናቸው። እኔ ከሆንኩ፣ 50 ዶላር ገደማ የምታወጣ አዲስ ፎሎወር፣ በደንብ ዘይት ተቀብታ፣ አለቀ። ፓምፑ ከሆነ ፓምፕ። ካሙ ከሆነ ግን ሌላ ዓለም ነው። የዚህ ሞተር ቺንጋ የሚያዞረው የጭስ ማውጫውን ካም ነው፤ የመግቢያው ካም፣ ፎሎወሯን የሚገፋው፣ ከሱ በካምቢዮው በኩል ባለች አጭር ሰንሰለት ነው የሚዞረው። ስለዚህ ቺንጋው ይወርዳል፣ ሰንሰለቷና መወጠሪያዋ ይወጣሉ፣ ሁለቱንም ካም የያዘው ክዳን ይነሳል፣ ሲመለስ በማስቲሽ ይታሸጋል፤ ማስቲሹ ከበዛ ትርፉ የዘይት መንገድ ይዘጋል። ታይሚንጉን በአንድ ጥርስ የሳተ ሰው መኪናውን ያበላሻል፣ በብዙ ጥርስ የሳተ ቫልቩን ከፒስተን ያጋጫል። እኔ አልፈራውም። ማለቴ… እፈራዋለሁ፤ ግን እችለዋለሁ። በማያስፈልግ ጊዜ መክፈቱን ነው የማልፈልገው።

ካሙን ልታወጣ ከሆነ ቫልቮቹን አብረህ አጽዳቸው የሚል ሰው ይኖራል። አይገናኙም፤ ካርበኑ ያለው በመግቢያው በኩል ነው። በነገራችን ላይ ባለፈው ቫልቮቹ ላይ ስለሚጋገረው ካርበን የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ይህ ሞተር ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን ቤንዚን አያጥባቸውም፤ ከክራንክ ክፍሉ የሚመጣው የዘይት ጭስ እየተጋገረባቸው ይኖራል። ታንክ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ አይደርስበትም። ማኒፎልዱን አውጥታችሁ፣ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበትን ሲሊንደር ብቻ መርጣችሁ፣ በዋልነት ቅርፊት ትረጩታላችሁ ወይም በፈሳሽ ዘፍዝፋችሁ በብሩሽ ትፍቃላችሁ። ክፍት ቫልቭ ላይ ከሠራችሁ ቆሻሻው ፒስተኑ ላይ ነው የሚወርደው። ከማኒፎልዱ ጋር ኢንጀክተሮቹ ይወጡባችኋል፤ የነሱን ማኅተሞች አስቀድማችሁ ግዙ።

እና አንዳንዴ አስባለሁ። በፈረንጆች 1976 ቮልክስዋገን የመጀመሪያውን ጂቲአይ ለገበያ ሲያወጣ 110 ፈረስ ጉልበት ነበር፣ 5,000 ብቻ ሊሠሩ ነበር ያሰቡት። ያን ባለ መስመር የወንበር ጨርቅና የጎልፍ ኳስ የመሰለችውን የማርሽ እጀታ ያወጣችው ጉንሂልድ ሊልዬኲስት የምትባል ሴት ናት። በኋላ እዚሁ ጎረቤታችን ፔንሲልቬኒያ፣ ዌስትሞርላንድ፣ ለአሜሪካ ተሠራ። የቀዮም ወንበር ያው መስመር አለው፤ የሾፌሩ በኩል በጎን ትንሽ ሳስቷል፣ ከስፌቱ በላይ ግን ቀለሙ እንዳለ ነው። ጨርቁ ሲያልቅ ያስታውቃል። ሲወርዱም ሲቀመጡም ይታያል። ሰው በጊዜ ያውቀዋል።

አዲሷን ገጥሜያታለሁ። ዘይት ቀብቻለሁ፤ ይኸው በድምፅ ተመዝግቧል፣ በደብተርም ጽፌዋለሁ። ፊውዙን መልሼ ቁልፉን 3 ጊዜ ከፈት ዘጋ አደረግኩ፣ አስነሳሁ፣ ዳዶው ሥር ደረቅ ወረቀት ይዤ ቆየሁ፣ አልረጠበም። በ2,500 ማይል አወጣታለሁ። ጥቁሩ ካለ… ካለም እኮ በ2,500 ማይል ሊኖር ይችላል። በ5,000 ልበል? በ5,000 ካሙ የሚጎዳ ከሆነስ? አይ፣ በ2,500። ፎቶ አነሳታለሁ፣ በዚሁ መብራት፣ በዚሁ ጠረጴዛ፣ ካለቀችው ጎን አስቀምጬ።

ፎቶ ስል… ያለቀችዋን 118,400 ላይ ስገጥማት ያነሳሁት ፎቶ ተገኝቷል። ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘሁት፤ ለዚህ ነው መቅዳት የጀመርኩት። ጣቶቼ መሃል ናት፣ ድፍኑ ፊቷ ወደ ካሜራው፣ ጥቁር። በግራ በኩል አንድ ነጥብ ያበራል። ዘይት ነው እንዳልል አዲስ ሽፋንም ያበራል። ጣቴ ላይ ግን ጥላ አለ፣ እርጥብ ይመስላል፣ ወይ የጓንቱ እጥፋት ነው… ቆይ፣ ላጉላት።

አይ፣ ይኼ… ይኼ እንኳ…