ጋሼ ጣታቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን የክራሩን ነገር ዛሬ አላወራም፣ አውቃለሁ ትቆጡኛላችሁ፣ ግን ከስቱዲዮ ከወጣሁ ጀምሮ ሌላ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እሱን ሳላወጣ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልኩም።

ማሲንቆ ልናስገባ ነበር። ዘፈኑን ታውቁታላችሁ፣ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራው። ኢንጂነሩም ያው እሱ ነው፣ ባለ ሁለት ስልኩ። ጋሼ መጡ፣ ቁጭ አሉ፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን አሹት፣ ሄድፎኑን አንድ ጆሯቸው ላይ ብቻ አደረጉ፣ ክሩን ከኪቦርዱ ጋር ቃኙና «ልቀቁት» አሉ። ለቀቅንላቸው። ኧረ አጨዋወት! እኔ ቆሜ ነበር የምሰማው፣ መቀመጥ አቃተኝ።

ሲጨርሱ ኢንጂነሩ በጣም በአክብሮት፣ እውነት በጣም በአክብሮት፣ «ጋሼ እቺ ጋ ትንሽ ዝቅ ብላለች» አላቸው። ጋሼም ቀና ብለው «ዝቅ አላለችም ልጄ፣ ቦታዋ እዛ ነው» አሉት። እሱም ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረው። ሜሎዳይንን ታውቁታላችሁ አይደል፣ ድምፅን በስክሪን የሚያሳየው ፕሮግራም፣ እያንዳንዷ ድምፅ እንደ ነጠብጣብ ሆና መስመር ላይ ትቀመጣለች። ሌሎቹ መስመራቸው ላይ ናቸው፣ እቺ አንዷ ግን በመጣች ቁጥር ከመስመሩ ወረድ ብላለች። ወደ 30 ሴንት ገደማ ነው አለኝ። ሴንት የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው፣ በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ አጠገቡ እስካለው ድረስ 100 ሴንት ነው፣ ስለዚህ 30 ትንሽ አይደለም፣ ጆሮ ይሰማዋል።

ጋሼ ስክሪኑን ዝም ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ። ከዛ «እስቲ ኪቦርዱን አጥፉልኝና ማሲንቆውን ብቻ አሰሙኝ» አሉ። አጠፋነው። ሰማን። ምንም የለውም! ምንም! ኢንጂነሩ ራሱ «ልክ ነው» አለ፣ ፊቱ ላይ ይታያል፣ ገርሞታል። ኪቦርዱን መልሰን ስንከፍተው ደግሞ ሁለቱ ድምፆች ተያይዘው ይንቀጠቀጣሉ፣ ይጣላሉ። ሁለቱም ለየብቻቸው ልክ ናቸው፣ አብረው ግን አይሆኑም። ጋሼ ሳቅ አሉና «እሱ ወደኔ መምጣት ካልቻለ እኔ እሄድለታለሁ» አሉ። ከዛ ጣታቸውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፍ አደረጉና በአንድ ቴክ፣ በአንድ ቅጂ ማለቴ ነው፣ ጨረሱት። ሜሎዳይኑ ላይ ሁሉም ነጠብጣብ መስመሩ ላይ።

በቃ ይሄው ነው። ማንም አልተጣላ፣ ማንም አልተከፋ፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ዘፈኑም ቆንጆ ሆኗል፣ አልዋሽም። እኔን ግን ያ ቅለቱ ነው የረበሸኝ። ምናለ ትንሽ ቢከራከሩ? ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ቦታ በአንድ ሻይ ሰዓት ውስጥ ለኪቦርዱ ለቀቁለት። ወይ ደግሞ አልለቀቁም፣ ለኛ ብለው ነው፣ ቤታቸው ሲገቡ ተመልሰው እዛው ናቸው። አላውቅም።

አውቶቲዩንን የሠራው ሰውዬ፣ አንዲ ሂልደብራንድ፣ ታሪኩን ታውቃላችሁ? ቀድሞ ነዳጅ ፍለጋ ላይ ነበር የሚሠራው፣ ድምፅ ወደ መሬት ውስጥ ተልኮ ሲመለስ በሂሳብ ተተንትኖ ከስር ምን እንዳለ የሚታወቅበት ሥራ። ያንን ሂሳብ ይዞ ወደ ሙዚቃ መጣና በፈረንጅ በ1997 አውቶቲዩን ወጣ። የሚገርም ጭንቅላት ነው። ግን ፕሮግራሙ የሚያደርገውን አስቡት፣ ድምፅህን ይሰማል፣ ከተሰጡት ኖታዎች የትኛው እንደሚቀርብህ ያያል፣ ወደዛ ይጎትትሃል። የተሰጡት ኖታዎች ደግሞ እኛ ጋ ሁልጊዜ የፒያኖዎቹ 12ቱ ናቸው። ትዝታና ባቲ ብዙም ላይጎዱ ይችላሉ፣ አንቺሆዬ ግን... አንቺሆዬን እኮ ልዩ የሚያደርጋት ያ ጥግ ጥጉን መሄዷ ነው፣ ሆድ የሚያባባው እሱ ነው።

ቆይ ግን፣ ወዲያው ደግሞ ሌላኛው ሐሳብ ይመጣብኛል። ማሽን መች ነው ያልቀረጸን? አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወርደውን ነገር የሸክላ አንድ ገጽ ሦስት አራት ደቂቃ አድርጎ ቆረጠው። ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975፣ በፈረንጅ ነው የምላችሁ፣ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ ሲያወጣ ሁሉም እዛች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው የተጨናነቀው፣ ዛሬም እንባችን የሚመጣው በነሱ ነው። ከዛ ካሴት መጣ፣ በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ፣ ዘፋኙ ሙሉ አልበም ማሰብ ጀመረ። ከዛ ኪቦርዱ መጣና ያ ሁሉ ሳክስፎንና ትራምፔት በአንድ ሰው ጣት ስር ገባ። ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ፣ የዋሊያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች። በፈረንጅ በ1985 አሜሪካ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ የከበሮ ማሽን፣ በቃ አንድ ካሴት ሠራ። ባንድ ስለሌለ የመጣ ድምፅ ነው፣ ባንድ ቢኖር አይመጣም ነበር። ይሄን እየወደድኩ ስለ አንዲት ድምፅ እንቅልፍ ማጣቴ ልክ ነው ወይ? ምናልባት ሰውየው ማሽኑን ፈልጎ ሲሄድበትና ማሽኑ ቆሞ ሰውየው እንዲጠጋው ሲጠብቅ ልዩነት አለው። ምናልባት። ይሄንንም እርግጠኛ ሆኜ አይደለም።

እና ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው ብልጭ ያለብኝ። ጋሼ «እሱ መምጣት ካልቻለ» አሉ። ይችላል እኮ! ወገን፣ ይችላል! በየሠርጉ የምናያቸው የኮርግና የያማሃ ኪቦርዶች ብዙዎቹ ላይ እያንዳንዷን ድምፅ ለብቻ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ አለ፣ ለዓረቦቹ ገበያ የሚሠሩት ላይማ ቁልፉ ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው፣ ለነሱ ስኬል ተብሎ። እነሱ ጠየቁ፣ ተሠራላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ኪቦርዱ ላይ ያቺን ድምፅ ብቻ 30 ሴንት ዝቅ አድርጎ ጋሼ ያሉበት ቦታ መምጣት የደቂቃ ሥራ ነበር። ያሬድ ትምህርት ቤት ያለ አንድ ልጅ፣ ወይ ከዩቲዩብ ማሲንቆ የሚማር ልጅ፣ ነገ ይሄን ዘፈን ሰምቶ ጣቱን የሚያስቀምጠው ሁለተኛው ቴክ ላይ ነው፣ የመጀመሪያውን በምን ይሰማዋል? ይሄ እውነት ያናድደኛል፣ ይቅርታ ድምፄ ከፍ አለ።

ማታ ቁጭ ብዬ ልሠራው ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ቴክ ከፈትኩ፣ ኪቦርዱን ወደሳቸው ልጎትት፣ ቁጥሩን ልጻፍ። እና ምን አየሁ መሰላችሁ፣ ያቺ ድምፅ አንድ ቦታ አይደለችም። ዜማው ሲወጣ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ሲወርድ ደግሞ ታች ድረስ ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ ሲያስረዝሟት ጭራሽ እየተንሸራተተች ነው። ስህተት አይደለም፣ ሦስቱንም ጊዜ ሆዴን የምትነካው እንደዛ ስለሆነች ነው። ኪቦርዱ ግን አንድ ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ እና የቱን ልጻፍለት፣ የሚወጣውን ነው የሚወርደውን? ሌላ ባለ ማሲንቆ ከጎንደር ባመጣ፣ ሌላ ከወሎ ባመጣ ደግሞ... ኢንጂነሩን ደውዬ ጠየቅኩት፣ «አማካዩን ውሰድ» አለኝ። አማካይ! ማንም ያልተጫወታትን ድምፅ? አይ... ግን እሱም የሚለው አለው፣ ዘፈኑ መውጣት አለበት፣ ቀኑም ደርሷል፣ እኔም ገና...