ሰማንያ ሃያ፦ የግብረ ሰናይ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ እንዴት ይሰላል?

(ምስል፦ ደረሰኞች በሁለት ክምር ሲለዩ)

ይህ ደረሰኝ የፕሮጀክት ነው ወይስ የአስተዳደር? የግብረ ሰናይ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። በዘርፉ «ሰማንያ ሃያ» የሚሉት ይህንን ነው።

በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ደንቡ «ሰባ ሠላሳ» ነበር፦ ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አዲሱ ሕግ ጠበቀ ሊል ይችላል። የድሮው ጣጣ ግን አመዳደቡ ላይ ነበር። ከሥልጠና ጋር የተያያዙ ብዙ ወጪዎች፣ ክትትልና ግምገማም ጭምር፣ በመመሪያው አስተዳደራዊ ተብለው ይቆጠሩ ነበር። ውኃ ለሚያወጣ ድርጅት ሲሚንቶውና ቧንቧው የዓላማ ወጪ ነው፤ ሥራው ሰው ማሠልጠን ለሆነው ግን ዋና ተግባሩ ራሱ ከሠላሳው ይቀነስበታል። ብዙዎችን ያስመረረው ይህ ነበር።

አዲሱ አዋጅ አስተዳደራዊ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ወጪ ነው፦ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፣ የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ኢንተርኔት፣ የኦዲትና የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ የተሽከርካሪ ጥገናና ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ። ቅጣትና የጠበቃ ክፍያም እዚሁ ይገባሉ፤ ስለዚህ የተቀጣ ድርጅት ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

(ስክሪን ላይ፦ 6,000,000 × 20% = 1,200,000)

ዓመታዊ ገቢው 6 ሚሊዮን ብር የሆነ ድርጅት እንውሰድ። ጣሪያው 1,200,000 ብር ነው። የአስተዳደር ደመወዝ 700,000፣ ኪራይ 300,000፣ ኦዲት፣ ባንክና ኢንተርኔት 90,000፣ ነዳጅና የመኪና ኢንሹራንስ 160,000 ቢያወጣ ድምሩ 1,250,000 ይሆናል። ጣሪያውን በ50,000 አለፈ።

አሁን የመኪናውን የጉዞ መዝገብ እንክፈት። ከነዳጁ የ100,000 ብሩ መኪናው ወደ ፕሮጀክት ቀበሌዎች ሲመላለስ ያለቀ ከሆነ ወደ ፕሮጀክት ይዛወራል፤ አስተዳደራዊው 1,150,000 ወይም 19.2 በመቶ ይሆናል። ግን መዝገቡ ቀኑን፣ መድረሻውን፣ የጉዞውን ምክንያትና የኪሎ ሜትር ንባቡን በየጉዞው መያዝ አለበት። ሰኔ ላይ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ መዝገብ ኦዲተር ፊት አይቆምም። ጊዜውን ለቢሮውም ለፕሮጀክቱም የሚያካፍል ሠራተኛ ደመወዝም እንዲሁ ነው፤ በየወሩ በኃላፊ የተፈረመ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ከሌለ ክፍፍሉ ግምት ሆኖ ይቀራል።

(ስክሪን ላይ፦ 1,150,000 ÷ 4,500,000 = 25.6%)

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን አካፋዩ ነው። ሰባ ሠላሳ ከወጪ ይሰላ ነበር፤ ሰማንያ ሃያ የሚሰላው ከገቢ ነው። ገንዘቡ እጁ ሲገባ ብቻ ገቢ ብሎ የሚመዘግብ ድርጅት ለጋሹ የመጨረሻውን 1.5 ሚሊዮን ብር የበጀት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ቢልክለት ገቢው 4.5 ሚሊዮን ሆኖ ይዘጋል። ጣሪያው ወደ 900,000 ሲወርድ ኪራዩና ደመወዙ ግን ያው ነው፤ አንዲት ብር ሳይባክን 25.6 በመቶ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም የክፍያዎቹ ቀን ከድርጅቱ የበጀት ዓመት ጋር ይመሳከር፤ የመጨረሻው ክፍያ ዓመቱ ሊዘጋ ቢያንስ ሁለት ወር ሲቀረው እንዲለቀቅ ለጋሹን መጠየቅ የሚቻለውም ያኔ ነው።