ሮኖን የት እናስቀምጠው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴ «ስለ ኳስ ከሆነ የለሁበትም» ብላለች። ስለ ኳስ አይደለም ብዬ ማልኩ፣ ማን ሊያምነኝ።

የቅዳሜው ነገር ነው። ያው ፀጉር ቤት፣ ያው ሰዎች። የፓክ 12 ኮንፈረንስን (ያው የምዕራብ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሊግ) የምንጊዜም ምርጥ የኮሌጅ ስፖርተኞች ደረጃ እያወጣን ነበር። ኮንፈረንሱ እኮ በ2024 ፈርሷል ማለት ይቻላል፤ ከ12ቱ ትምህርት ቤቶች 10ሩ ጥለውት ሄዱ። እኛ ግን እንደ ወራሾች ተቀምጠን እንከፋፈላለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ደግሞ እንዳትጽፉልኝ።)

አንደኛ ጃኪ ሮቢንሰን። ዩሲኤልኤ፣ የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ፣ እያለ በአራት ስፖርት ተሰልፏል። የሚያስቀው፣ ታሪክ የሠራበት ቤዝቦል ያኔ ደካማው ነበር። በ1940 በርዝመት ዝላይ የአሜሪካን ኮሌጆች አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ቤዝቦል ላይ ከአሥር አንዱን እንኳ አይመታም ነበር። ሁለተኛ ከሪም አብዱልጀባር፣ የዩሲኤልኤው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ዋንጫ፣ 88 ድል በ2 ሽንፈት። እስከዚህ ሰላም ነው።

ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ነኝ። «ሄንሪ ሮኖስ?» አልኩ። ልጆቹ «ማነው ደግሞ?» አሉ። በቃ ተነሳብኝ። ኬንያዊው ሯጭ! የዋሽንግተን ስቴት ተማሪ! በ1978፣ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን! 5 ሺህ፣ 3 ሺህ መሰናክል፣ 10 ሺህ፣ 3 ሺህ። መሰናክሉን እኮ እዚሁ ሲያትል ነው የሰበረው፣ በ8:05.4።

ጥግ የሚቀመጡት ጋሼ፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳይነቅሉ፣ «ሮኖ የ1980ው ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ ቢገኝ ኖሮ ምሩፅ ሁለት ወርቅ ያመጣ ነበር?» አሉ።

ማሽኑ ቆመ። ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ በመስታወቱ እኔን ያየኛል። ሁሉም እኔን ያየኛል። በክፋት አይደለም ያሉት፣ እሱ ነው የከነከነኝ። ቢሳደቡ እሳደብ ነበር... ማለቴ፣ ጋሼን አልሳደብም፣ ገብቷችኋል።

«ኬንያ ቀረች፣ እኛ ምን እናድርግ?» አልኩ። የ1976ቱ ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ እኮ እኛም ቀርተናል፣ ምሩፅም አልሮጠም። እሳቸው ዝም። ዝም ሲሉ ደግሞ የባሰ ነው። ቤት ገብቼ ሰዓቱን አየሁ። ምሩፅ ሞስኮ ላይ 10 ሺህን በ27:42 ጨረሰ። የሮኖ ክብረ ወሰን 27:22። ጊዜው አልፎበት ነበር እንዳልል፣ በ1981 የ5 ሺህ ክብረ ወሰኑን ራሱ አሻሻለው። ግን ኦሎምፒክ በሰዓት ነው እንዴ? ማርሽ ቀያሪው የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ሲነሳ ማን ይይዘዋል? ማንም። ምናልባት ሮኖ... አይ። እንጃ።

ሰውዬው አንድም ኦሎምፒክ ሳይሮጥ በ2024 አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። ኮንፈረንሱም በዚያው ዓመት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሳይሄዱ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ነው። እዚህ ላይ ሳቄ ይመጣና መልሶ ይጠፋል።

እሺ፣ ሦስተኛ እናድርገው። ግን ፕሪፎንቴይን አለ፣ የኦሬገኑ ሯጭ። ቆይ፣ ጃኪ ጆይነር ከርሲንስ ማን አነሳት? ዩሲኤልኤ ቅርጫት ኳስም ተጫውታለች እኮ! የ1988 የሄፕታትሎን (የሰባቱ ውድድር) ክብረ ወሰኗ፣ 7,291 ነጥብ፣ እስካሁን አልተነካም። አንድ ሰው ስሟን አልጠራም። እሷ ስትገባ ማን ይውጣ? ከሪም? ከሪምን ካወጣሁ ፀጉሬን የት ልቆረጥ ነው... ወይ ሮቢንሰንን ለቤዝቦሉ ትተን...