ኮርዲኔተሩ ሄደ፤ ማን ይመጣል? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የረዳት አሰልጣኞች ገበያ

[ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ። የአሥር ሰዎች ስም ተደርድሯል፤ አንዱ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል።]

እግር ኳስ እያየ ላደገ ሰው የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊ ነገር መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እኛ ዘንድ ቡድን ሲሸነፍ ጩኸቱ «አሰልጣኙ ይውረድ» ነው፤ የረዳቱን ስም ከነአባቱ የሚያውቅ ከስንት አንድ ነው። እዚያ ግን ደጋፊው የረዳቱን ደመወዝ፣ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከማን ጋር የት እንደሠራ ጭምር ይቆጥርላችኋል። ረዳት የለቀቀ ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ የተተኪዎች ዝርዝር ይወጣል። አብዛኛው ዝርዝር ይስታል። ዛሬ የምናየው ለምን እንደሚስትና አንድ ስም ሲነሳ ምኑን መመርመር እንዳለባችሁ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወንበሩን እንወቀው።

[ምስል፦ የአሰልጣኞች ሰንጠረዥ፤ ከላይ አንድ፣ ከሥሩ አሥር ሳጥኖች።]

በከፍተኛው እርከን የሚጫወት ቡድን አንድ ዋና አሰልጣኝና 10 ረዳቶች አሉት። እስከ 2018 መግቢያ ድረስ ረዳቶቹ 9 ነበሩ። በ2024 ደግሞ የኮሌጅ ስፖርቶችን የሚመራው ኤንሲኤኤ ሕጉን አላላው፤ አናሊስት የሚባሉት የቢሮ ሠራተኞችም ሜዳ ላይ ወርደው እንዲያሠለጥኑ ተፈቀደ። ያልተነሳው ገደብ ምልመላው ላይ ያለው ነው። ከግቢ ወጥተው ተማሪዎችን በየትምህርት ቤታቸውና በየቤታቸው ማግባባት የሚችሉት አሁንም ዋናውና 10ሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የረዳትነት ወንበር ትልቁ ዋጋ የመልማይነት ፈቃዱ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ከ10ሩ ሁለቱ ኮርዲኔተሮች ናቸው፤ አንዱ የማጥቃቱን፣ ሌላው የመከላከሉን ክፍል ይመራል። ሌሎቹ የሯጮች፣ የተቀባዮች፣ የመስመር ተጫዋቾች፣ የኋላ ተከላካዮች አሰልጣኝ እየተባሉ አንዳንድ ክፍል ይይዛሉ። የደጋፊ ግምት መጀመሪያ የሚስተውም እዚህ ጋ ነው። ኮርዲኔተሩ ራሱም ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ያሠለጥናል። የሄደው የማጥቃት ኮርዲኔተር ኳርተርባኮቹን፣ ማለትም ኳሱን ተቀብለው ማጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመሩትን ተጫዋቾች፣ ጭምር ይዞ ከነበረ፣ ክፍት የሆነው ሁለት ሥራ ነው። ደጋፊው ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ የማጥቃት መስመር ያሠለጠነ ጎበዝ ሰው ስም ያነሳል። ጥሩ፤ ኳርተርባኩን ማን ይይዘዋል? ያለው የመስመር አሰልጣኝስ ይባረር? አንድ ስም ስትሰሙ ሰንጠረዡ ላይ አስቀምጡትና ስንት ሳጥን እንደሚያናጋ ቁጠሩ። ሦስት ሳጥን የሚያናጋ ስም ከወሬ አያልፍም።

ማዕረግና ሥራም ይምታታሉ። ጨዋታውን ጠሪ የሚባለው በእያንዳንዱ ሙከራ ቡድኑ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ሰው ነው። ከአንዱ ሙከራ እስከ ቀጣዩ ሰዓቱ ላይ 40 ሴኮንድ ይቆጠራል። ከ2024 ወዲህ የአሰልጣኙ ድምፅ በአንድ ተጫዋች ሄልሜት ውስጥ ይሰማል፤ ቆጠራው 15 ሴኮንድ ሲቀረው ግን መስመሩ ይቋረጣል። ማየት፣ መወሰንና መናገር በ25 ሴኮንድ ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ይህን የሚችል ሰው ብዙ አይደለም፤ «ኮርዲኔተር» የሚል ማዕረግ የያዘ ሁሉም አይሠራውም። ብራያን ሃርትላይን በ2023 የኦሃዮ ስቴት የማጥቃት ኮርዲኔተር ተባለ፤ ጨዋታ ይጠራ የነበረው ግን ዋናው አሰልጣኝ ራያን ዴይ ነበር። ሃርትላይን የጠሪነቱን ሥራ የተረከበው በ2025 ነው። ማዕረግ ብዙ ጊዜ ሰውየው እንዳይነጠቅ ደመወዙን ለማሳደጊያ ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ማይክሮፎኑን የያዘው ማን ነበር?» ይሁን።

[ምስል፦ ካርታ። ከግሪን ቤይ ወደ ቦስተን፣ ወደ ኮሎምበስ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ላስ ቬጋስ መስመር ይሰመራል።]

አሁን አንድ እውነተኛ ሰንሰለት እንከተል። በጃንዋሪ 2024 ግሪን ቤይ ፓከርስ የመከላከል ኮርዲኔተሩን ጆ ባሪን አሰናበተ። ፓከርስ የፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ የኤንኤፍኤል ቡድን ነው፤ የኮሌጅ ደጋፊ ምን አገባው? ወሩ ሳያልቅ ፓከርስ ጄፍ ሃፍሊን ወሰደ። ሃፍሊ የቦስተን ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ነበር። ቦስተን ኮሌጅ የማሳቹሴትሱን ልጅ ቢል ኦብራየንን ጠራ። ኦብራየን ደግሞ የኦሃዮ ስቴት የማጥቃት ኮርዲኔተር ሆኖ መሾሙ ከተሰማ ገና ሦስት ሳምንት ገደማው ነው፤ አንድም ጨዋታ ሳይጠራ ፌብሯሪ 9 ቦስተን ገባ። በዚያው ቀን ኦሃዮ ስቴት ቺፕ ኬሊን ወሰደ፤ ኬሊ የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ የዩሲኤልኤን ዋና አሰልጣኝነት ጥሎ ረዳት ሊሆን መጣ። ዩሲኤልኤ ፌብሯሪ 12 ዴሾን ፎስተርን ሾመ። የቀድሞ ኮከብ ሯጩ ነው፣ የሯጮች አሰልጣኙም ነበር፤ ግን በቅርቡ ወደ ሌላው የኤንኤፍኤል ቡድን፣ ወደ ላስ ቬጋስ ሬይደርስ ለመሄድ ተስማምቶ ስለነበር አሁን ሬይደርስም ሰው ጎደለው።

አንድ ረዳት ግሪን ቤይ ላይ ተባረረ፣ አምስት ቡድኖች ተናጉ።

ዋና አሰልጣኝ ረዳት ለመሆን መውረዱ ያልተለመደ ነው። ግን ኬሊን መገመት ይቻል ነበር። ዴይ ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ሳለ የማጥቃት ኮርዲኔተሩ ኬሊ ነበር። ኬሊ ፊላደልፊያ ኢግልስን በ2015፣ ሳን ፍራንሲስኮን በ2016 ሲያሠለጥን ዴይ በሁለቱም ቦታ የኳርተርባክ አሰልጣኙ ነበር። ፌብሯሪ ላይ የተጨነቀ አሰልጣኝ ደግሞ የሚደውለው ለሚያውቀው ነው፤ አዲስ ሰው ለማጥናት ጊዜ የለውም። ከዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ባያችሁ ቁጥር የሁለቱን ሰዎች የሥራ ታሪክ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንድ ዓመት በአንድ ቢሮ የተቀመጡበትን ፈልጉ። ከሌለ፣ ከሁለቱም ጋር የሠራ ሦስተኛ ሰው ፈልጉ። እሱም ከሌለ ስሙን ወደ ታች አውርዱት።

ኬሊም አልቆየም። ኦሃዮ ስቴት ጃንዋሪ 20፣ 2025 አትላንታ ላይ ኖትርዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ኬሊ ወደ ሬይደርስ፣ የመከላከል ኮርዲኔተሩ ጂም ኖውልስ ደግሞ በዓመት 3.1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፈለው እየተዘገበ ወደ ፔን ስቴት ሄዱ። በኖውልስ ቦታ የመጣው ማት ፓትሪሺያ ነው፤ ለሃያ ዓመት ገደማ ኤንኤፍኤል ውስጥ የኖረ ሰው። ዝርዝራችሁ ውስጥ የኮሌጅ ሰዎች ብቻ ካሉ ግማሹን ገበያ አላያችሁትም።

[ምስል፦ የውል ገጽ። አንድ አንቀጽ በቢጫ ቀለም ተቀልሟል።]

ውሉ ጋ እንምጣ፤ እዚህ ትንሽ እንቆይ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ውሉ በአብዛኛው በሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት ጠይቆ ማግኘት የሚቻል ሰነድ ነው። ፈልጉ የምንላችሁ ሦስት ነገር ነው። ረዳቱ ውሉ ሳያልቅ ቢለቅ ምን ያህል ይከፍላል? ብዙ ውሎች ወደ ሌላ ኮሌጅ በተመሳሳይ ማዕረግ ለሚሄድ ክፍያ ያስቀምጡና ለዋና አሰልጣኝነት ወይም ለኤንኤፍኤል ለሚሄድ ይቀንሱታል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያነሱታል። ቢባረርስ ምን ያህል ይከፈለዋል? ሌላ ሥራ ቢያገኝ ያ ክፍያ ይቀነሳል?

የመጨረሻዋ ብዙ ነገር ትፈታለች። በሒሳብ እንያት፦ ረዳቱ በዓመት 800,000 ዶላር እየተከፈለው 2 ዓመት ሲቀረው ተባረረ እንበል። 1.6 ሚሊዮን ይከፈለዋል። አዲስ ቦታ በ500,000 ቢቀጠርና ውሉ ተቀናሽ ካለው፣ የድሮው ዩኒቨርሲቲ በዓመት የሚከፍለው 300,000 ብቻ ነው። ሰውየው ኪሱ ውስጥ የሚገባው አልተለወጠም። ስለዚህ አዲሱ ቡድን ብዙ ለመክፈል፣ እሱም ብዙ ለመጠየቅ ምክንያት የላቸውም። ቡች ጆንስ ከቴነሲ ዋና አሰልጣኝነት ሲባረር ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር፤ በ2018 አላባማ ውስጥ አናሊስት ሆኖ ሲሠራ የተዘገበው ደመወዙ 35,000 ዶላር ነው። እና ርካሽ አናሊስቶች የሞሉበት ቢሮ የተተኪዎች መጋዘን ነው። ወንበር ክፍት ሲሆን ከሩቅ ከምታማትሩ መጀመሪያ የራሳችሁን ቡድን የአናሊስቶች ዝርዝር ክፈቱ።

ቀን መቁጠሪያውም ሌላ ወጥመድ ነው። መደበኛው ውድድር የሚያልቀው ኖቬምበር መጨረሻ፣ ከምስጋና ቀን ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይፈርማሉ። የዝውውር ፖርታሉ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት፣ በ2026 የተከፈተው ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ብቻ ነው፤ የኤፕሪሉ መስኮት ተሰርዟል። ኤንኤፍኤል ግን አሰልጣኞቹን የሚያባርረው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፣ አዳዲሶቹን የሚያሟላው እስከ ፌብሯሪ ነው። እዚህ ጋ ያለውን ክፍተት ልብ በሉ። ዋና አሰልጣኝ ሲለወጥ ለተጫዋቾቹ ልዩ የዝውውር መስኮት ይከፈታል፤ ረዳት ሲለቅ አይከፈትም። ፌብሯሪ ላይ የተቀባዮች አሰልጣኙ ወደ ኤንኤፍኤል ቢሄድ፣ እሱን ብሎ የፈረመው የ18 ዓመት ልጅ በሩ ተዘግቶበት ይቀራል።

ፌብሯሪ ላይ ሰው መቅጠር ለዋናው አሰልጣኝም ቀላል አይደለም። አላባማ በጃንዋሪ 2024 ኬለን ዲቦርን ሲያመጣ ራያን ግረብ የማጥቃት ኮርዲኔተር ሆኖ አብሮት መጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኤንኤፍኤሉ ሲያትል ሲሆክስ ወሰደው። አላባማ ከውስጥ ኒክ ሸሪዳንን አሳደገ። በዓመቱ ሲሆክስ ግረብን አሰናበተ፣ አላባማም መልሶ ወሰደው። ከውስጥ ማሳደግ ብዙ ጊዜ ከፍቅር አይመጣም፤ የልምምድ መጽሐፉ፣ የጨዋታዎቹ ስያሜ፣ የምልክቱ ቋንቋ እንዳይቀየር ነው። የፀደይ ልምምድ 15 ቀን ብቻ ነው። አዲስ ቋንቋ ቢመጣ ኳርተርባኩ ቀኖቹን ቃል በማጥናት ይጨርሳቸዋል።

[ምስል፦ የውጤት ሰሌዳ፦ አዮዋ 24፣ ዩታ ስቴት 14።]

ስለ ደጋፊ ቆጠራ ካነሳን አዮዋን መዝለል አይቻልም። የማጥቃት ኮርዲኔተሩ ብራያን ፌሬንትዝ የዋናው አሰልጣኝ የከርክ ፌሬንትዝ ልጅ ነው፤ ስለዚህም በወረቀት አለቃው አባቱ ሳይሆን የስፖርት ዳይሬክተሩ ነበር። በ2022 ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 17.7 ነጥብ ብቻ ካስቆጠረ በኋላ በፌብሯሪ 2023 ውሉ ተሻሻለ፦ ደመወዙ ከ900,000 ወደ 850,000 ወረደ፣ ቡድኑ በአማካይ 25 ነጥብ እንዲያስቆጥርና 7 ጨዋታ እንዲያሸንፍ ቅድመ ሁኔታ ገባ። ተከላካዮች የሚያስቆጥሩትም ይቆጠርለታል። ደጋፊው 25ን በ13 ጨዋታ አባዝቶ 325 የምትል ቁጥር ያዘና ሳምንት በሳምንት መደመር ጀመረ። በመጀመሪያው ጨዋታ አዮዋ 24 አስቆጠረ። አንዲት ነጥብ ጎደለች!

ኦክቶበር 30፣ ቡድኑ 6 አሸንፎ በ2 ብቻ ተሸንፎ ሳለ፣ ጊዜያዊዋ የስፖርት ዳይሬክተር ብራያን በሚቀጥለው ዓመት እንደማይቀጥል አስታወቀች። ዓመቱ በ10 ድልና በአማካይ 15.4 ነጥብ አለቀ። ተተኪው እስኪገኝ ሦስት ወር ፈጀ። የመጣው ቲም ሌስተር በዚያ ዓመት የት ነበር? ግሪን ቤይ ፓከርስ፣ አናሊስት። ፓከርስ ከጥሎ ማለፉ የወጣው ጃንዋሪ 20 ነው፤ የሌስተር ስም የተሰማው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። አንድ ፍለጋ ያለ ምክንያት ከዘገየ፣ ሰውየው ገና እየተጫወተ ባለ ቡድን ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ።

አሁን ወሬው ራሱ።

[ምስል፦ የበረራ መከታተያ ስክሪን፤ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን።]

የደጋፊ ተወዳጅ መሣሪያ የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ነው። የግል አውሮፕላን ከዩኒቨርሲቲው ከተማ ተነሥቶ እጩው ያለበት ከተማ አረፈ፤ አለቀ፣ ተቀጠረ! ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ግን ያው አውሮፕላን አሰልጣኞችን ለምልመላ ሲያመላልስ ነው የሚውለው። ለዋና አሰልጣኝ ፍለጋ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ለረዳት ፍለጋ ከንቱ ነው፣ ረዳት በስልክና በቪዲዮ ይቀጠራል። አንዱ አሰልጣኝ ሌላውን በማኅበራዊ ሚዲያ መከተል መጀመሩም ያው ነው፤ ሁሉም ሁሉንም ይከተላል። አሰልጣኙ ከገጹ መግለጫ ላይ የቡድኑን ስም ሲያነሳ ግን ቀልድ አይደለም።

የዘገባውን ግሥ አንብቡ። «ስሙ እየተነሳ ነው» ማለት የእጩው ወኪል ስልክ ደውሏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወኪል ደንበኛው በሌላ ቡድን እንደሚፈለግ ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ደመወዝ ይጨመራላ። ከዚህ ዓይነት ወሬ በኋላ በሳምንት ውስጥ «ውሉን አራዘመ» የሚል ዜና ከመጣ ወሬው ሥራውን ሠርቷል። «ቃለ መጠይቅ ተደርጎለታል» የተሻለ ነው። «ሊቀጠር ይጠበቃል» ሲል ግን፣ ያለው ዘጋቢ ቡድኑን ዕለት ዕለት የሚከታተል ከሆነ፣ የቀረው የጀርባ ምርመራና ፊርማ ነው። በአንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ማስታወቂያው ለተወሰኑ ቀናት ተለጥፎ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ወጣ ማለት ሰው እየፈለጉ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። ሰውየው ተገኝቶ ቀኑ እስኪሞላ እየጠበቁ ሊሆን ይችላል።

ቅጥሩ ይፋ ሆኖ የውሉ ሰነድ ሲወጣ ብዙ ሰው ደመወዙን ያይና ይዘጋዋል። እናንተ ገልጣችሁ «ከጊዜው በፊት ቢለቅ» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ለኤንኤፍኤል የተጻፈው ክፍያ ዜሮ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ፌብሯሪ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አክብቡት።